የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና

ስለ መንግሥቱ ኃይለማርያም የሚነሣው ክርክር ዛሬም ከዳር ነው የሚጀምረው። አንዱ ካራማራን ይጠራል፣ ሌላው ቀይ ሽብርን፤ "ሀገር ወዳድ ነበር"፣ "የለም፣ ደም አፍሳሽ ነበር" እየተባለ ቡናው ይቀዘቅዛል። ሁለቱም የሚሉት መሠረት አለው። እኔን የሚከነክነኝ ግን መሐሉ ነው። ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጣ፣ ከሠራዊቱ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ያልነበረ አንድ ሻለቃ በሦስት ዓመት ውስጥ ሀገር የሚርድለት ሰው የሆነው እንዴት ነው? ከዚያስ ያን ሁሉ ጦር ይዞ፣ ካድሬው በየመንደሩ ተተክሎለት፣ ሀገሩ በእጁ ላይ የተበተነበት እንዴት ነው?

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የቤታችን ሬዲዮ ነው። ጉለሌ በኪራይ ቤት እንኖር ነበር፤ አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሬዲዮዋ ዳንቴል ለብሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ትቀመጣለች፤ ከአባቴ በቀር የሚነካት አልነበረም። የዚያ ዘመን ታሪክ ወደ ቤታችን የገባው በእሷ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ነው። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይነገረናል። ዜናው ሲያበቃ ደግሞ እኛ እርስ በርስ የምንለው ነገር ነበር፤ እሱ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ምንም አልቀረም። የሀገሪቱ ውድቀት ከሁሉ አስቀድሞ የታየው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

አጀማመሩ እንዲያ አልነበረም። የካቲት 1966ን ያየ ሰው ኢትዮጵያዊ ዝምተኛ ነው ሲባል ይስቃል። በጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው ተማረው አዛዦቻቸውን አሰሩ። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አቆሙ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም አፍ አወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች ክርስቲያን ወዳጆቻቸውን ጨምረው ለሃይማኖት እኩልነት አዲስ አበባን በሰልፍ ሞሏት። ቄሱ ሳይቀር ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ። ዕድሜውን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ የኖረው አባቴ ማታ ማታ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ስለ ሕገ መንግሥት ይከራከር ጀመር። እናቴ "ዛሬስ ፓርላማው እኛ ቤት ሆነ" እያለች ቡና ታፈላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ወሬ የሞላበት ዘመን አይቼ አላውቅም።

ሰኔ 21 ቀን ደርግ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተሰበሰበ። ከየክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ናቸው፤ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው የለባቸውም። መፈክራቸው "ኢትዮጵያ ትቅደም" ነበር፣ "ያለ ምንም ደም" የሚል ተጨምሮበት። እነማን እንደሆኑ ሕዝብ አያውቅም። ስማቸውን አለመናገራቸው ትሕትና መሰለን፤ ለአንዱ አባል ግን የተመቸ ጨለማ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤት ቤት ተጨናንቀን እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም አየን። ከሚያልቁት ሕፃናት ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ እየተቀጠለ ይገባል። ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ፤ በመንገዱ "ሌባ! ሌባ!" የሚላቸው ሰው አልጠፋም። ያን ፊልም ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

"ያለ ምንም ደም" የቆየው እስከ ኅዳር 14 ነው። የደርጉ ሊቀመንበር የተደረጉት ጄኔራል አማን አንዶም በኤርትራ ጉዳይና በእስረኞቹ ዕጣ ከደርጉ፣ ይልቁንም ከምክትሉ ከመንግሥቱ ጋር አልተስማሙም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ሌሊት አማን ቤታቸው ውስጥ በተኩስ ሞቱ፤ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌሎችም ያለ ፍርድ ተረሸኑ። እስከ ዛሬ "ስድሳዎቹ" እየተባሉ ይጠራሉ። እሑድ ሬዲዮዋ ስማቸውን ተራ በተራ አነበበች። አባቴ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። አንድ ነገር ይላል ብለን ስንጠብቅ ድምፁን ቀንሶ ወደ ጓሮ ወጣ። በዚያ ሳምንት የሕገ መንግሥቱ ክርክር እኛ ቤት አልተካሄደም፤ ከዚያ በኋላም አልተካሄደ።

ዝምታውን ያጸናው ፍርሃት ብቻ ነው ማለት ግን ራስን መሸንገል ነው። ጥቅምም ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ ተማሪው ለዓመታት "መሬት ላራሹ" ብሎ የተደበደበበት ነገር ነውና የዚያን ሰሞን ደስታ የሐሰት አልነበረም። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የእኛም ኪራይ ቀነሰ፣ የምንከፍለውም ለቀበሌ ሆነ። አከራያችን ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ቤት ለእኛ አከራይተው በእሷ የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ። ለካ ፊውዳል ማለት እሳቸው ኖረዋል! እናቴ ከዚያ ወዲያ በር ላይ ስታገኛቸው "እንደምን አደሩ እትዬ" ትላለች፤ ዓይናቸውን ግን አታይም። የስድሳዎቹን ሞት "የመኳንንቱ ጉዳይ ነው" ብሎ ያለፈ ሰው የባልቴቲቱን ቤት ደግሞ ቅናሹን ተቀብሎ አለፈው። በነሐሴ መጨረሻ ጃንሆይ ታመው አረፉ ተብሎ ሲነገር ማንም "በምን ታመው?" አላለም። አፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ መሬት ተቆፍሮ የተገኘው በ1984 ነው።

ከደርጉ ውስጥ ግን ያልፈሩ ሰዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1969 ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል ያሉበት ወገን የደርጉን መዋቅር አሻሽሎ የመንግሥቱን ሥልጣን ቆረጠ። ሊቀመንበሩ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ። አዲሱ መዋቅር አንድ ወር ያህል ቆየ። ጥር 26 ቀን ተፈሪ በንቲና ጓደኞቻቸው በቤተ መንግሥቱ ተይዘው ተገደሉ፤ በሳምንቱ መንግሥቱ ሊቀመንበር ሆነ። የቀሩት ምክትሉ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ነበሩ። እሳቸውም ኅዳር 3 ቀን 1970 ተገደሉ። ከተቆጠረባቸው ጥፋት አንዱ የኢትዮጵያን ጥቅም ከሶሻሊዝም በላይ ማስቀደም ነበር። "ኢትዮጵያ ትቅደም" ብሎ በተነሣ መንግሥት! በየቤቱ ይህን ሰምቶ የሳቀ ካለ በሆዱ ነው የሳቀው።

እንግዲህ መንግሥቱን ፊት ለፊት "ይህ አይሆንም" የሚለው አንድም ሰው ያልቀረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ የድሉም የውድቀቱም፣ ከዚህ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ።

አጥናፉ ከመገደላቸው ወራት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969፣ መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች መሬት ላይ ከሰከሳቸው። ደርግን በኅቡዕ የሚዋጋው የግራ ድርጅት ኢሕአፓ በከተማው የቀበሌ ሹሞችንና የደርግ ሰዎችን ይገድል ነበር፤ መካድ አይቻልም። የመንግሥት መልስ፣ ቀይ ሽብር የተባለው፣ ግን ትውልድ መጨረስ ሆነ። "ነፃ እርምጃ" ተብሎ ለአብዮት ጠባቂው ዳኝነቱም ግድያውም በአንድ እጅ ተሰጠው። አሰሳ ሊመጣ ነው በተባለ ሌሊት ከየጓሮው የወረቀት ጭስ ይሸታል። እናቴ የአጎቴን የማርክስ መጽሐፍ ምጣድ ሥር አቃጥላ እንጀራ ጋገረችበት። መንግሥቱ የሚምለው በዚያው ማርክስ ነው፤ ኢሕአፓም፣ ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶንም የሚምሉት በእሱ ነው። መጽሐፉ ማንን እንደሚያስገድል ግን የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ከእኛ በላይ ካለው ግቢ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ ማታ ተወሰደ። ጠዋት ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ዳር ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። እናቴ ረከቦቷን ተሸክማ ወደ እናቱ ቤት ሄደች። ሌሎቹም ሴቶች ስኒ፣ ቆሎ፣ ከሰል እየያዙ ገቡ። ለሚያይ ሰው የቡና ጥሪ ነው። እናትየዋ ቡናዋን እየቆላች እንባዋ ሲወርድ ሴቶቹ "ጭሱ ነው፣ ጭሱ ነው" ይሏታል። ሦስት ቀን እንዲህ ቡና ተጠጣ። ሀገሬው ሙሾ አውጥቶ፣ ደረት መትቶ፣ ሰልስትና አርባ ቆጥሮ ሞቱን ይሸኝ የነበረ ሕዝብ ነው። ልጇን በቡና ስም የቀበረች እናት ማየት ለእኔ ከማንኛውም የደርግ አዋጅ ይልቅ ዘመኑን ይነግረኛል።

በዚያው ሰሞን ሶማሊያ ወረረችን፤ ጅጅጋ ተያዘች። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ማረሻውን ጥሎ የመጣ ገበሬ ነው። በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች ድጋፍ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ልጁ የተገደለበትም ቤት እልል ብሏል፤ ሀገር ናትና። ዛሬ መንግሥቱን የሚያወድሱ ሁሉ የሚጠሩት ይህን ነው፤ ድሉም የሚጠራ ድል ነው። ግን የሞተለት ገበሬ ስሙ በየትኛው አደባባይ ተጻፈ? ድሉን አንድ ሰው ወሰደው። ከዚያ ወዲያ እሱን መተቸት ሀገርን መክዳት ተባለ።

ማዕረጉም ረዘመ። ዜና አንባቢው ገና ስሙ ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ ያልቃል፤ የደርጉ ሊቀመንበር፣ የአብዮታዊ ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ፣ በኋላ ደግሞ የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ የኢሠፓአኮ፣ ከዚያ የፓርቲው የኢሠፓ። እኛ ደግሞ የሚረዝምብን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው፤ ለስኳር፣ ለሳሙና፣ ለዘይት። እውነት ለመናገር እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዩኔስኮም ዘመቻውን ሸልሞታል። ንባቡን ሰጧት፣ የሚነበበውን ግን ነሷት፤ አዲስ ዘመንም ሠርቶ አደርም የሚነግሯት አንድ ነገር ነበር። አባቴ ሌሊት ሬዲዮዋን ደረቱ ላይ አስጠግቶ የጀርመን ድምፅን ይሰማል። እኔ በር እጠብቃለሁ። ያቺ ድሮ ጎረቤት የምትጠራ ሬዲዮ ከጎረቤት የምትደበቅ ሆነች።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። በመጋቢት 1976 እርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን አስታውቆ ነበር። በመስከረም 1977 ግን አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ታከብራለች፤ ሰሜን ኮሪያውያን ያሰናዱት ሰልፍ፣ ትግላችን ሐውልት፣ ቅስት በየመንገዱ፣ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" የሚል መፈክር። ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ታገዱ። በዚያው መስከረም ወር፣ ከአሥር ዓመት በፊት ጃንሆይ ረሃብ ደበቁ ተብለው በወረዱበት ወር፣ ያወረዷቸው ሰዎች ራሳቸው ረሃብ ደበቁ። ኮረም ሜዳ ላይ የተኛውን ሕዝብ ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ነው። እኛ ከዓለም በኋላ ሰማን። ቀጥሎ ሰፈራ መጣ፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተጫነ። የኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ያየውን የጻፈው ከሀገር ወጥቶ ነው።

ያየውን ሀገር ውስጥ ሆኖ የጻፈውማ ደራሲው በዓሉ ግርማ ነው። "ኦሮማይ" በ1975 ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 በዓሉ ጠፋ። መኪናው ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። ሬዲዮዋ ስለ እሱ ምንም አላለችም። ሰውም አልጠየቀ፤ መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተዟዟረ፣ ገጹ እየተገነጠለ ተነበበ። ከሞት ቅጣት ጋር የሚነበብ ልብ ወለድ የት ሀገር አለ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መንግሥቱ የራሱን ጆሮ በራሱ እጅ ነው የቆረጠው። በየካቲት 1980 በኤርትራ የሚዋጋው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸነ፤ ጦርነቱ በዚህ አኳኋን አይሆንም የሚሉ መኮንን ነበሩ። በወሩ፣ በመጋቢት፣ አፍአበት ላይ ዕዙ ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ ደፍሮ እውነቱን የሚነግረው አዛዥ ይገኛል? ጄኔራሎቹ የመጨረሻውን መንገድ ሞከሩት። ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ ከሸፈ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ አምኃ ደስታ ራሳቸውን ሰዉ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሀገር ገንዘብ አፍስሳ፣ ባሕር ማዶ ልካ፣ በጦርነት አብስላ ያፈራቻቸው ሰዎች ነበሩ። ምፅዋ በየካቲት 1982 ከመያዟ በፊት የሚከላከላት ጭንቅላት ተቆርጦ ነበር። በዚያው ወር ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ገበሬው የአምራች ማኅበሩን ንብረት ለመከፋፈል ሳምንት አልፈጀበትም።

የእኔ እኩዮች በዚያ ሁሉ መሐል በአፈሳ ያልቃሉ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ጀምሮ ከሥራ ወደ ቤት የምንመለሰው በስርቻ ነው። በመጨረሻው ወራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ወደ ብላቴ ለሥልጠና ተላኩ። "አንድ ሰው እስኪቀር እንዋጋለን" ይባል ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ብላቴ ያሉትን ሠልጣኞች ሊጎበኝ ነው ተብሎ አውሮፕላን ተሳፈረ፤ አውሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ፣ ከዚያ ሐራሬ። ሬዲዮዋ ከሀገር መውጣቱን ስትናገር አባቴ ተቀምጦ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከየቤታቸው ወጡ፤ ሁሉም ሰምቷል፣ ግን መጀመሪያ የሚናገር ጠፋ። ተያየን፣ ተመልሰን ገባን። በ1966 አንድ ሚኒስትር ሲወርድ ሌሊቱን ሙሉ ያወራ መንደር ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት የረገጠው ሰው ሲሄድ ቃል ያጣው። የሌኒን ሐውልት የወረደው በሁለተኛው ቀን ነው፤ የኢሕአዴግ ታንኮች የገቡት በሳምንቱ፣ ግንቦት 20።

ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አለው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። እሱ ሐራሬ ሆኖ ትዝታውን ለገነት አየለ ተናገረ፣ "ትግላችን" የሚል መጽሐፍም ጻፈ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታም የየራሳቸውን አሳተሙ። ሁሉንም አንብቤአቸዋለሁ፤ ጠቃሚ ናቸው፣ ሆኖም በሁሉም ውስጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ያዘዙት ተናግረው ጨርሰዋል። ገና ያልተናገሩት ልጃቸውን በቡና የቀበሩት ሴቶች ናቸው፣ ዕድሜያቸውም እየነጎደ ነው። ከቤታችሁ፣ ከዘመዶቻችሁ መካከል እንዲህ ያሉ እናት ካሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የልጁን ስም፣ ይማርበት የነበረውን ትምህርት ቤት፣ የተወሰደበትን ቀንና የወሰዱትን ሰዎች ጻፉ፤ እሳቸው በመጀመሪያ "ተዪው፣ ምን ያደርግልሻል" ቢሉም ትታችሁ አትነሡ።